ሞአ አንበሳ (አልበም)

ሞአ አንበሳ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ የፐንክ ሮክ ባንድና ከተጋባዥ ሙዚቀኞች ጋር የሠሩት አልበም ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን አሳታሚው የባንዱ ጊታር ተጫዋች ያቋቋመው ቴርፕ የተባለ ድርጅት ነው። አልበሙ በአብዛኛው አዲስ ድርሰት አልያዘም። ሽለላና ፉከራን፣ እንዲሁም ቀደም ብለው በአዲስ አበባ የታወቁ ዜማዎችን በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በከበሮና በትንፋሽ መሣሪያዎች እንደገና የሚጫወት ሥራ ነው። ስለዚህ በሮክ ዓለም ለአንድ ሙዚቀኛ ክብር ሥራዎቹን እንደገና በመጫወት ከሚዘጋጁት፣ ትሪቢዩት ከሚባሉት አልበሞች ጋር ይመደባል። አንድ ልዩነት ግን አለው፤ የተከበረው ሰው በአልበሙ ውስጥ ራሱ ይጫወታል፣ ባንዱንም የመረጠው እሱ ነው።

ዘ ኤክስ በጥብቅ አነጋገር የሄቪ ሜታል ባንድ አይደለም። ሆኖም የጊታሮቹ ሻካራነትና የከበሮው ክብደት የኢትዮጵያን ዜማ በቀድሞዎቹ ኦርኬስትራዎች ብቻ ለሚያውቅ ጆሮ ከከባድ ሮክ የሚለይ አይመስልም።

ስያሜው

«ሞአ አንበሳ» ግዕዝ ነው፤ «አንበሳ አሸነፈ» ማለት ነው። በዘመነ መንግሥቱ ከነገሥታቱ ማዕረግ ፊት ይጻፍ የነበረው «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ሐረግ መጀመሪያ ነው። ለዚህ አልበም ግን ቅርቡ ትርጉም ሌላ ነው። ጌታቸው ሽለላ ሲጫወቱ እንደ ጥንቱ ጀግና የአንበሳ ጎፈር ደፍተውና ካባ ለብሰው መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። አንበሳው እሳቸው ናቸው።

ጌታቸው መኩሪያና ሽለላ

ጌታቸው መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራርና መሰንቆ ተጫውተዋል። ገና በ13 ዓመታቸው ገደማ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገብተው ክላርኔትና ሳክስፎን ተማሩ። በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ኦርኬስትራ፣ ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። በወጣትነታቸው የነበረው የሙዚቃ ትምህርት ከውጭ ሰዎች ጋር የተሳሰረ ነበር። «አርባ ልጆች» ተብለው እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ አዲስ አበባ የመጡት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ያቋቋሙት ባንድና እነሱን ያስተማሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን ለዘመናዊው ሙዚቃ መሠረት ጥለዋል። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቴአትር ቤቱ ለትውልድ ሙዚቀኞች መምህር ሆነዋል። ሳክስፎኑ ራሱም ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ ነው። የውጭና የአገር ሙዚቃ መገናኘት ስለዚህ በዚህ አልበም የተጀመረ ነገር አይደለም።

የጌታቸው ትልቁ ሥራ ሽለላን ከቃል ወደ ሳክስፎን ማዛወራቸው ነው። ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ ተቀራራቢ ናቸው። ቀረርቶ ረዘም ባለና ምት በማያስረው ዜማ ይወጣል። ፉከራ ወደ ንግግር ያደላል፤ ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል፣ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል፣ የራሱንና የአባቶቹን ገድል ይቆጥራል። ይህ ልማድ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በወሎና በጎንደር ገጠር የጋራ ነው። ከዳባትና ከደባርቅ ከተሞች ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወጣው አገርም በሠርግና በክብረ በዓል ላይ ፉከራ ይሰማል። በገደልና በሸለቆ በተከፋፈለ አገር ድምፅ ሩቅ መድረስ አለበት፤ ፎካሪ ለስለስ ብሎ አይፎክርም። ጌታቸው በሳክስፎን የያዙት ይህንኑ ጉልበት ነው። ትንፋሹ ወፍራም፣ ንዝረቱ ሰፊ፣ የዜማው መጨረሻ እንደ ሰው ድምፅ የሚሰበርና የሚያጓራ ነው። አንዳንድ የውጭ አድማጮች አጨዋወታቸውን ከአሜሪካ የፍሪ ጃዝ ሳክስፎን ጋር ያመሳስሉታል። ንጽጽሩ ጆሮን ይረዳል እንጂ ምንጩን አይናገርም፤ ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን መጫወት የጀመሩት ፍሪ ጃዝ የሚባለው ከመሰማቱ በፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፕስ ያሳተመላቸው፣ «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» በሚል ርእስ የሚታወቀው ሸክላ የዚህ አጨዋወት ዋና ማስረጃ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የሸክላ ሥራ ቆመ፣ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመ፣ ካሴትም ቦታውን ተረከበ። የጌታቸው ሸክላ በሰፊው እንደገና የተገኘው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኤትዮፒክ» የተባለው የሲዲ ተከታታይ በ14ኛው ቁጥሩ ሲያትመው ነው። ሞአ አንበሳ የወጣው ከዚህ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ ለብዙ አድማጭ የመጀመሪያው ሥራና እንደገና የተሠራው በአንድ ሰሞን ደረሱ።

ከዘ ኤክስ ጋር መገናኘት

ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 በኔዘርላንድ የተመሠረተ ባንድ ነው። ራሱን ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች አርቆ፣ ሥራውን ራሱ እያተመ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫወተ፣ በ2004 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ፓራዲሶ አዳራሽ ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ። ጌታቸው በዚያ ጉዞ ከኔዘርላንድ የጃዝ ሙዚቀኞች ጋር ተጫወቱ፣ ዘ ኤክስንም አደመጡ። ከዚያ በኋላ ለአዲስ አልበማቸው የጠየቁት የጃዝ ኦርኬስትራ ሳይሆን ጮክ ባዩን የሮክ ባንድ ነበር። በወቅቱ ዕድሜያቸው ወደ 70 ተጠግቷል። የተለመደው ታሪክ አውሮፓዊው ባንድ አፍሪካዊውን አዛውንት «አገኘ» የሚል ነው። እዚህ ምርጫው የአዛውንቱ መሆኑን መያዝ ለአልበሙ አሰማም ወሳኝ ነው።

በአልበሙ ላይ ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር ጊታር፣ ካትሪና ቦርንፌልድ ከበሮ ይጫወታሉ፣ ጂ. ደብልዩ. ሶክ በድምፁ ይሳተፋል። ከተጋባዦቹ መካከል የክላርኔት ተጫዋቹ ዛቪየ ሻርል፣ የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ብሮዲ ዌስት፣ የትሮምቦን ተጫዋቹ ዮስት ባውስና ቤዝ ጊታር የያዘው ኮሊን ማክሊን ይገኛሉ። ከዜማዎቹ «ኢትዮጵያ ሀገሬ»፣ «ስትሄድ ስከተላት»፣ «ቼ በለው ሽለላ» እና «ሙዚቃዊ ስልት» ይጠቀሳሉ።

አልበሙን ማድመጥ

እንደገና የተጫወተ ዜማን ለመመዘን የሚረዳው ቀላሉ መንገድ መጀመሪያ የቀድሞውን ቅጂ፣ ወዲያው ቀጥሎ አዲሱን መስማት ነው። በፊሊፕሱ ሸክላ ላይ ሳክስፎኑ ከፊት ቆሞ አጃቢዎቹ ከኋላው ረጋ ብለው ይከተላሉ። አዳራሽ ውስጥ በወንበር ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ነው። በሞአ አንበሳ ላይ አጃቢ የሚባል ወገን የለም። ጊታሮቹ፣ ከበሮውና ሌሎቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች ከሳክስፎኑ እኩል ይነሣሉ፣ አንዳንዴም ሊውጡት ይቃጣሉ።

መጀመሪያ የሚሰማው ሻካራው የጊታር ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ የሚፈጠረው የጊታሩ ምልክት በማጉያው ከአቅም በላይ ሲገፋና የሞገዱ ጫፍ ሲቆረጥ ነው። ጫፉ ሲቆረጥ በመጀመሪያው ድምፅ ላይ ያልነበሩ ተጨማሪ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ፤ ጆሮ እነዚህን እንደ ሻካራነት ይሰማቸዋል። ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህን ባዕድ ነገር ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በገና ምን እንደሚያደርግ ማስታወስ ይገባል። በበገና ጅማትና ድልድይ መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል። ሥራው ጅማቱ እየነካው እንዲነዝርና እንዲያጉረመርም ማድረግ ብቻ ነው። ቆዳው ሲወጣ በገናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ በገናነቱ ግን ይጎድላል። ከፈረስ ጭራ የተሠራው የመሰንቆ ጅማትም ለስላሳ ድምፅ አይሰጥም። ጥርት ያለ ድምፅን እንደ መልካምነት መለኪያ የያዘው የቆየው የአገራችን ጆሮ አይደለም፤ በኋላ ከኦርኬስትራው ጋር የመጣ ልማድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅኝት ነው። የኢትዮጵያ ዜማ በአምስት ድምፅ ቅኝቶች፣ በዋናነት በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ይጓዛል። ፒያኖና የምዕራቡ ጊታር በሦስት ድምፅ ኮርድ ሲያጅቧቸው ብዙ ጊዜ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይገባል፤ ዜማውም ሳያውቀው ወደ ፈረንጅ ዘፈን ይሳባል። የከባድ ሮክ ጊታር ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ፓወር ኮርድ የሚባለውን፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ያለውን ነው፤ ለምሳሌ ዶና ሶልን። ዜማውን ደስተኛ ወይም ኀዘንተኛ የሚያደርገው መካከለኛው ድምፅ የለበትም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በሚለው የትዝታ ሜጀር ላይ ዶና ሶል ሁለቱም ይገኛሉ፣ ስለዚህ ጊታሩ ቅኝቱን ሳይሰብር ሊከብድ ይችላል። በአንቺ ሆዬ ላይ ይህ አይሠራም። ቅኝቱ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ስለሆነ ተራው ሶል በውስጡ የለም፤ የተለመደው ፓወር ኮርድ እዚያ ላይ ከዜማው ጋር ይጋጫል። ከባድ ሮክ ለኢትዮጵያ ዜማ ይስማማል ወይም አይስማማም ብሎ በጅምላ መፍረድ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ መልሱ እንደ ቅኝቱ ይለያያል። ዘ ኤክስ ችግሩን የሚያልፈው በአብዛኛው ኮርድ ከመደርደር ይልቅ አጭር ሐረግ እየደጋገመ፣ ወይም ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ ጋር አንድ ዜማ እየጮኸ ነው። የድሮ ኦርኬስትራዎችም በአንድ ድምፅ አብሮ መጫወትን ይወዱ ስለነበር፣ አዲሱ አጨዋወት ሳይታሰብ ወደ ቀድሞው ይቀርባል።

ሦስተኛው ምቱ ነው። ችክችካ በስድስት የሚቆጠር፣ አንዴ በሁለት አንዴ በሦስት የሚከፈል ምት ነው፤ ሮክ ደግሞ በአራት መሄድን ለምዷል። ከበሮው ችክችካውን ወደ አራት አስተካክሎ ቢያስገባው ኖሮ አልበሙ ተራ ጭፈራ ይሆን ነበር። ቦርንፌልድ ግን ታምቡሮቹን እንደ እጅ ከበሮ እያዞረች ስትመታ ሁለቱ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እግሩን መሬት ላይ እየመታ የሚያደምጥ ሰው በየትኛው እንደሚቆጥር ደጋግሞ ይስተዋል፣ ይህም የአልበሙ አንዱ ደስታ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚሰማው ግን የሽለላው ቅርጽ ነው። ሽለላ ብቻውን አይቆምም። ፎካሪው ሲጥል የከበበው ሰው ይቀበላል፣ ያቅራራል፣ ያሟሙቃል። በቴአትር ቤቱ መድረክ ላይ ይህ ተቀባይ ጠፍቶ ነበር፤ ሕዝቡ ተቀምጦ ያጨበጭባል እንጂ አያቅራራም። በሞአ አንበሳ ላይ ጊታሮቹ የዚያን ተቀባይ ቦታ ይይዛሉ። ሳክስፎኑ አንድ ሐረግ ሲወረውር እነሱ በጩኸት ይመልሱለታል፣ እሱም ከፍ አድርጎ ይቀጥላል። ሶክ በእንግሊዝኛ እየደነፋ በሚገባባቸው ቦታዎች አድማጩ ቋንቋውን ባያውቅ እንኳ አኳኋኑን ያውቀዋል፤ የሚናገረው ሰው እንደ ፎካሪ እየተንጎራደደ መሆኑ በድምፁ ይታያል።

የጎደለም አለ። የአማርኛ ዘፈን ግማሽ ሕይወቱ ቃሉ ነው፤ ሰምና ወርቁ በሳክስፎን አይጫወትም። ግጥሙን በልቡ የሚያውቅ ሰው ዜማውን ሲሰማ ቃሉን ራሱ ይሞላዋል፤ የማያውቅ ግን ጉልበቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ለስለስ ባሉት የፍቅር ዜማዎች ላይም ጊታሮቹ ዝም ማለት የሚገባቸውን ቦታ ሁልጊዜ አያውቁትም። አልበሙ በሽለላ ላይ ያለው ብርታት በፍቅር ዜማ ላይ እኩል አይታይም።

«ሙዚቃዊ ስልት» እና ዋልያዎቹ

«ሙዚቃዊ ስልት» በዚህ አልበም ላይ ካሉት ዜማዎች በዓለም ላይ ደጋግመው ከተጫወቱት አንዱ ነው። ድርሰቱ የግርማ በየነ ሲሆን የታወቀው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው «ቼ በለው» የተባለ የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም ላይ ነው። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል፤ ከአባላቱ የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በሰፊው ይታወቃሉ። ስሙን ያገኘው ከዋልያ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፤ ከደባርቅ በላይ ባሉት በሳንቃበር፣ በጊችና በጨነቅ ዙሪያ ገደሎች ይኖራል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ገብቷል። የአገሪቱ እግር ኳስ ቡድንም ኋላ በዚሁ እንስሳ ተጠርቷል። የደጋ ገደል እንስሳ ለሆቴል ባንድ ስም መሆኑ ያን ጊዜ የነበረውን ስሜት ይጠቁማል፤ ሙዚቀኞቹ ሱፍ ለብሰው ለእንግዶች ሲጫወቱም በሌላ አገር የማይገኝ ነገር መሆናቸውን ሊናገሩ ፈልገዋል።

«ቼ» ፈረሰኛ ፈረሱን የሚገፋበት ቃል ነው። በጌታቸው አልበም ላይ ያለው «ቼ በለው ሽለላ» እና የዋልያስ አልበም ርእስ ከአንድ የፈረሰኛ አነጋገር የወጡ ናቸው።

የ«ሙዚቃዊ ስልት» አጀማመር አጭር፣ ዞሮ ዞሮ የሚመለስ ሐረግ ነው። በዋልያስ እጅ ሐረጉ ይንሸራተታል፤ በዘ ኤክስ እጅ ይረግጣል። የሮክ ሙዚቀኞች ይህን ዜማ የሚወዱት ዋናው ሐረግ ያለ ምንም ለውጥ ለጊታር የተሠራ ስለሚመስል ነው።

የባለቤትነት ጥያቄ

በሮክ ዓለም ትሪቢዩት አልበም የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውና ሜጋዴዝ፣ ሴፑልቱራና ሌሎች ባንዶች የብላክ ሳባትን ዘፈኖች የተጫወቱበት «ናቲቪቲ ኢን ብላክ» የታወቀ ምሳሌ ነው። እዚያ የዘፈኖቹ ደራሲዎች ስም፣ አሳታሚና ክፍያ ተመዝግቦ የተቀመጠ ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ እንዲህ ጥርት ብሎ አልቆየም። ሽለላ የታወቀ ደራሲ የለውም፤ የሁሉም ነው። የድሮ ኦርኬስትራዎች ዘፈኖች ደግሞ የደራሲው፣ የአቀናባሪውና የዘፋኙ ድርሻ ሳይለይ በዘፋኙ ስም ብቻ ሲጠሩ ኖረዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው አብዛኞቹ እነዚህ ዜማዎች ከተሠሩ ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። አዋጁ የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል።

የግርማ በየነ ሕይወት ይህ ጥያቄ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ግርማ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፣ ለረጅም ዓመታትም ከመድረክ ራቁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዜማቸው በየአገሩ ሲዞር እሳቸው በሕዝብ ዘንድ የተረሱ ያህል ነበሩ። በኋላ ወደ አገራቸውና ወደ መድረክ ተመልሰው፣ አካሌ ውቤ ከተባለው የፓሪስ ባንድ ጋር የሠሩት አልበም እ.ኤ.አ. በ2017 የ«ኤትዮፒክ» 30ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። አንድን ዜማ እንደገና መጫወት ባለቤቱን ሊያስረሳም፣ ፈልጎ ሊያወጣም ይችላል። ጌታቸው ከመጀመሪያው በመሪነት ቆመው ስማቸው በሽፋኑ ላይ ቀድሞ የተጻፈበት ሞአ አንበሳ በዚህ ረገድ ብዙ ተመሳሳዮች የሉትም።

ተከታይና ተቀራራቢ ሥራዎች

ጌታቸውና ዘ ኤክስ ከአልበሙ በኋላ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አብረው ተጫውተዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር የውጭ መድረክ፣ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ በተገኙበት ምሽት ቀርበዋል። ሁለተኛው የጋራ አልበማቸው «የአንበሳው ትዝታ» እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፉ።

ከሞአ አንበሳ በላይ ወደ ከባድ ሮክ የሚጠጋው ዩካንዳንዝ የተባለው የፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ባንድ ነው። ድምፃዊው ኢትዮጵያዊው አስናቀ ገብረየስ ናቸው። «ይቻላል» (2012) እና «አዎ» (2016) በተባሉት አልበሞቹ የታወቁ የአማርኛ ዘፈኖችን በሻካራ ጊታርና ሳክስፎን ይጫወታል። እዚህ ቃሉ አልጠፋም፤ አስናቀ በድሮው የአዘፋፈን ስልት፣ ድምፃቸውን እያንቀጠቀጡ ሲዘፍኑ ባንዱ ከሥራቸው ይናወጣል። በአዲስ አበባ የተመሠረተው ጃኖ ባንድ በበኩሉ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ባደረገው «ኤርታሌ» የተባለ የመጀመሪያ አልበሙ ሮክን ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር አዋሕዷል፤ ይህ ግን በዋናነት የራሱን አዳዲስ ዘፈኖች የያዘ ስለሆነ ከትሪቢዩት ሥራዎች አይቆጠርም።